ካሜራው አዋሽ ደርሶ እስኪመለስ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 29 ቀን 1994

ለማንም ያልነገርኩት ይህ ነው፤ የሉባባ እናት ሞታለች። ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል። ሉባባ አታውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንድነግራት አደራ የተሰጠኝም እኔ ነኝ።

ጻፍኩት።

ዛሬ የጻፍኩት በካሜራው ምክንያት ነው። የአሠሪያችን የማዳም ባል የሥራ ዘመኑ አልቆ ትናንት ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገቡ። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ መጋረጃው ሳይቀር ተሽጧል። ሉባባ ምግብ ስታበስል፣ እኔ ሳጥብና ስተኩስ ስድስት ዓመት በአንድ ቤት ሠርተናል። ማዳም ስትሰናበተን ካሜራዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በሁለታችን እጅ መሃል አስቀመጠችው። ለሁለታችሁ አለች። አንድ ካሜራ ለሁለት ሴት።

ፊልም የለውም። ጀርባው ላይ የክብሪት ቀፎ የምታክል መስታወት አለችው፤ ያነሣሽውን እዚያው ታሳይሻለች። ከማዳም ሰፈር ከፕላቶ ዱ ሰርፓን ይዘነው ስንወጣ ግን ገና በሩ ላይ ዐይኑ ጉም ለበሰ። ሉባባ፣ ገና ቤት ሳንደርስ ሰበርነው ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። በሻርፗ ጠረገችው፣ መልሶ ላበው። ከማዳም ቀዝቃዛ ሳሎን ወደ ውጭው እሳት ሲወጣ ማን የማያልበው አለ። ከታክሲ እስክንወርድ በራሱ ጠራ።

አንድ ቀን እሷ ጋ፣ አንድ ቀን እኔ ጋ እንዲያድር ተስማማን። ሰፈራችን ካርቲየ 6 ውስጥ በአንድ ግቢ በራችን ፊት ለፊት ነው፤ መንገዱ አራት እርምጃ ነው።

ከምሳ በኋላ ልጇን ነጃትን ታቅፋ መጣች። ስታስብ እንደዋለች ፊቷ ያስታውቃል። "እትዬ፣ ለመኮንን እንስጠው። አዋሽ ሲደርስ እናቴን ያንሣልኝ። ፊቷ ሊጠፋብኝ ነው።"

መኮንን ወደ አዋሽ የሚመላለስ ሾፌር ነው። ጥሩ ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 30

ተራው የእኔ ነው። ከጥዋት ጀምሮ ካሜራውና መመሪያው ጉልበቴ ላይ ናቸው። መመሪያው ፈረንሳይኛ ነው፤ ፈረንሳይኛ ደግሞ እኔ ከማዳም ጓዳ ጣሳዎች ላይ ነው የለቀምኩት። አማርኛውንም ማንበብ ያስተማረኝ የለም። ከባሌ ከአሰፋ የጭነት ወረቀትና ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ አሮጌ ጋዜጦች፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ወደ እኔ በር ይመጣል።

እስካሁን ያወቅሁት፦

አራት ባትሪ ድንጋይ ይበላል። የሱቁ ድንጋይ ሃያ ፎቶ ሳይሞላ ሞተ።

ቁልፉን ስትጫኚው ወዲያው አያነሣም። መጀመሪያ ያስባል። ነጃትን አምስት ጊዜ አነሣናት፤ አራቱ ላይ ባዶ በርጩማ ወጣ፣ አምስተኛው ላይ ተረከዟ።

ፀሐይ ላይ መስታወቱ ምንም አያሳይም። ጥላ መፈለግ ነው።

ካርዱ ዐሥራ አንድ ፎቶ ይይዛል። ሲሞላ አንዱን ማጥፋት የግድ ነው። ማጥፋት ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን ፎቶ ተነሥታ ወረቀቱ እስኪወጣላት ግማሽ ሰዓት ቆማ ጠበቀች። እንደማይወጣ ሲገባት፣ ታዲያ ምኑን ካሜራ ሆነ ብላ ሄደች።

ዙሙን ለማወቅ ግን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በሬ ላይ ሆኜ ማዶ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ላይ አነጣጠርኩ። መጀመሪያ ዐይኑ እየተንጫጨ ወጣ፤ ሴትዮዋ ቀረበች፤ የቀሚሷ አበባ ሳይቀር ታየኝ። መጫኔን ስቀጥል ዐይኑ ቆመ፤ ሴትዮዋ ግን ማደጓን አላቆመችም። ፊቷ መስታወቱን እስኪሞላ አደገ፤ ሲያድግ ግን ፊት መሆኑ ቀረ። ጠጠር የተበተነበት መሬት መሰለ፤ ካሬ ካሬ። መመሪያውን በመዝገበ ቃላት ፈታሁት። ዙሙ ሁለት ነው ይላል። የመጀመሪያው ያቀርባል። ሁለተኛው ምንም አያቀርብም፤ አስቀድሞ የያዘውን ይለጥጣል።

ከሩቅ በሁለተኛው ዙም የተነሣች አሮጊት የማንም እናት ልትሆን ትችላለች።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ካሜራውን ካልሲው ውስጥ መለስኩት። ቦርሳ ስለሌለው የአሰፋን ካልሲ ነው ያለበስነው።

አሁን ሳይመሽ ያንን ነገር ልጻፈው። ነገ ድፍረቱ ላይኖር ይችላል።

የሉባባ ወንድም ሰይድ አዋሽ ላይ ጎሚስታ ነው። ከዚህ የሚወጣ ከባድ መኪና ሁሉ ጎማውን እሱ ጋ ያስለጥፋል፤ ደብዳቤም በሾፌሮች እጅ ይልካል። የዛሬ አራት ዓመት የመጣው ደብዳቤ ግን የተጻፈው ለእኔ ነበር፤ አንባቢዋ እኔ መሆኔን ስለሚያውቅ። እናታችን ዐርፋለች ይላል። ሉባባ ነፍሰ ጡር ናት ሲሉ ሰምቻለሁና እንዳትደነግጥ፤ ወልዳ ስትጠነክር ሰው ሰብስበሽ እንደ ወጉ አርጂያት ይላል።

ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ይህን የማያውቅ የለም። ጠበቅሁ። ወለደች፤ አራስ ናት አልኩ። አርባዋ ወጣ፤ ልጅቱ ታመመች። ልጅቱ ዳነች፤ አሰፋ ሞተ። ያኔ ሉባባ ነጃትን በጀርባዋ አዝላ ከጎኔ አልተነሣችም። ውኃ በማንኪያ ነበር የምታጠጣኝ። በእኔ ለቅሶ ላይ የእሷን እንዴት ላምጣ? ከዚያ ዓመት ሞላ። ዓመት ያለፈው መርዶ እንዴት ይነገራል? እስካሁን የት ነበርሽ ብትለኝ ምን እላለሁ?

መንገዷ የታሰረ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት ከወጣች መመለሻ የላትም። ባሏ ነጃት ሳትወለድ የመን እንደገባ ቀርቷል። ስለዚህ የእናቷ ወሬ በእኔ አፍ ብቻ ነበር የሚመጣላት። ሰይድ "አላህ ይዘንላትና እናታችን" ብሎ ሲጽፍ ዘልዬ አነብላት ነበር። እሷ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ ትልቅ ሻርፕ ገዝታ፣ "ለእማ የላክሁት ነው ብለሽ ጻፊ" ስትለኝ፣ እኔ "ሻርፑን በእናቴ ስም ለአንዲት አሮጊት ሰደቃ ስጡልኝ" ብዬ እጽፋለሁ። አራት ዓመት፣ አራት ሻርፕ። ሉባባ በሕይወት ካለች እናት ጋር ትጫወታለች፣ ሰይድ ስለ ሟች እናት ያነባል። መሃላቸው እኔ አለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

መኮንን መጣ። አሰፋ ይነዳበት በነበረው መንገድ ዛሬ የሚነዳው እሱ ነው፤ የእኛን ደብዳቤ ማመላለስ ከጀመረ ዓመት ሆኖታል። በር ላይ ተቀምጦ ሁለት ብርጭቆ ውኃ በአንድ ትንፋሽ ጠጣ። ካሜራውን ሳሳየው፣ "ይሄን ከመልመድ ጋላፊ በረሃ ላይ ጎማ መቀየር ይሻለኛል" አለ፤ ቢሆንም ቶሎ ገባው።

ሉባባ ልታሳስበው ጀመረች። እማ ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ እጇን አስወርዳት። ፀሐይ ላይ አታቁማት። መጀመሪያ አጫውታት፣ አንተ ወሬ ታውቅበታለህ። መኮንን እሷን አየ፣ እኔን አየ። እሺ ብቻ አለ። መርዶ የሾፌር ሥራ አይደለም፤ ያውቃል።

ለሰይድ ደብዳቤ አጻፈችኝ። እማን ሰማያዊውን ሻርፕ አልብሳት፣ ሰማያዊው ፎቶ ላይ ያምራል። እኔ የጻፍኩት፦ ሉባባ ሰደቃው ለማን እንደ ደረሰ በዐይኗ ማየት ትፈልጋለች። ካሜራው ለምን እንደመጣ አንድ ምክንያት መስጠት ነበረብኝ። ብዕሩ በራሱ ሄደ ማለት ይቻላል፤ አራት ዓመት የለመደ ነው።

መኮንን ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"እትዬ ጽጌ፣ ይቺ ሴት ደህና ናት? ሰይድ እናታቸው ከሞተች ስንት ዓመት ነው ያለኝ?"

"አልተነገራትም።"

"ማን ነበር የሚነግራት?"

መሬት መሬቱን አየሁ። ገባው። በመሐረቡ አንገቱን ጠረገ። "እንግዲህ ዓመት ሙሉ ለሞተች ሴት ፖስተኛ ሆኜ ኖሬያለሁ ማለት ነው" አለና ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረበትም።

ቀጥሎ ያልኩትን ልጽፈው ነው። ካለፈው አራት ዓመት ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል። አንዲት አሮጊት ከሩቅ አንሣ አልኩት። ዙሙን እስከ መጨረሻው ተጫነው፣ ፊቷ እንዳይለይ።

መኮንን ካሜራውን በካልሲው እንዳለ ሲመዝነው ቆየ። "እትዬ፣ ኮንትሮባንድ ጭኜ አውቃለሁ። ሚዛን ላይም ዋሽቼ አውቃለሁ። የሰው እናት ግን አስመስዬ ጭኜ አላውቅም።"

እሺ አላለኝም። እምቢም አላለኝም። ካሜራውን ከመኪናው መቀመጫ ኋላ ሸጎጠና ሄደ። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ይመለሳል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

መብራት የለም። ቆርቆሮው ይጮኻል። ሦስት ጊዜ ወደ ሉባባ በር ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አንድ ነገር ተውሼ ተመለስኩ። ጨው። መጥረጊያ። ሁለተኛ ጨው።

ማዳም ስለሌለች ሥራ የለም። ሥራ ቢኖር ሸሚዝ እየተኮስኩ አልፈው ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 3

ዛሬ መኮንን አዋሽ ይደርሳል።

ካርቲየ 5 ሐጃ መርየም ሱቅ ሄድኩ። የሐረር ሰው ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሙስሊም ሁሉ እዚህ እንደ እናት ናት፤ ለቅሶም ሠርግም ያለ እሷ አይሆንም። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያልኩት ነው። ከመጻፍ ይከብዳል።

ሐጃ መቀሷን አስቀመጠች። አራቱንም ሻርፕ ሉባባ ከእሷ ነው የገዛችው። ለእማ የሚለሰልሰውን አምጪ እያለች የመደርደሪያውን ጨርቅ ሁሉ ታስፈታኛለች አለችኝ። "ጉንጬ ላይ እያስነካሁ ነበር የምመርጥላት። ለሙት!"

ወጉን አስረዳኋት። ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አራስ ነበረች፣ ሰው መሰብሰብ ነበረበት፣ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው።

"ተዪኝ" አለችኝ። "ወጉ የተሠራው ለእሷ ነው። አንቺ ግን ገብተሽ ተጠለልሽበት።"

መልሴን ሳትጠብቅ በጣቷ ቀን መቁጠር ጀመረች። ዓርብ ጁምዓ ነው። ቅዳሜ ዕቃ ትረከባለች። እሑድ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ የአዋሽን ሰዎችና ሴቶቹን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም እዚያው እኖራለሁ። "አራት ዓመት የጠበቀ ሞት እኔን አራት ቀን ቢጠብቀኝ አይቀየምም" አለች።

ስመለስ እግሬ ቀለለኝ። ቀን ተቆረጠለት። ሰው ተገኘለት። ካሜራው ከመመለሱ ሦስት ቀን ቀድሞ ይነገራታል። በጨዋ ደንብ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ሉባባ ገበያው አጠገብ ያለው ፎቶ ቤት ሄዳ ጠይቃ መጣች። ከካርዱ ላይ ወደ ወረቀት ማውጣት ይቻላል፤ ኮምፒዩተር አላቸው። በጣም ደስ ብሏታል። ፍሬምም ገዝታለች፤ ዳርና ዳሩ ወርቅ ቅብ፤ ባዶውን አልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች። ፍሬሙ ውስጥ ከፋብሪካው የመጣ ወረቀት ላይ አንዲት ፈገግ ያለች ፈረንጅ አለች። ነጃት፣ አያቴ ይቺ ናት ወይ ብላ ጠየቀች። ሉባባ እየሳቀች፣ ያንቺ አያት ከዚች ትበልጣለች አለቻት።

ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ፣ ሐምሌ 5

ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ አለቀለቅሁላት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። "ሉቤ" አልኳት። "አቤት እትዬ።" ሳሙና እስከ ክርኗ ደርሷል። ዛሬ ንፋሱ ደህና ነው አልኳት። አዎ ደህና ነው አለችኝ።

እሑድን ይዤአለሁ። ሁለት ቀን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 6

እሑድን አልጠበቀም።

ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ጫቱ ገብቶ፣ ወንዱ ሁሉ ጥላ ይዞ፣ መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ የማላውቀው ሾፌር ግቢውን እየጠየቀ መጣ። መኮንን ወደ አዲስ አበባ ከመቀጠሉ በፊት አዋሽ ላይ ካሜራውን ወደዚህ ለሚወርድ ጓደኛው አስረክቦታል። በእጇ ለሉባባ ስጣት፣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ብሎታል። ሌላ ሰው ማለት እኔ ነኝ።

ሉባባ በጩኸት ጠራችኝ። "እትዬ፣ ነይ አብሪልኝ፤ እኔ እጄ እምቢ አለኝ።"

ሄድኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ነጃት ጉልበቴ ላይ ወጣች። አበራሁት። የሞከርነውን ሁሉ አጥፍተን ስለላክነው ሁለት ፎቶ ብቻ አለ ይላል። መጀመሪያ የሚመጣው መጨረሻ የተነሣው ነው።

በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት። ከሩቅ ተይዛ የተለጠጠች። ፊቷ ቡናማ ጠጠር ነው፤ ዐይን ይሁን ጥላ አይለይም። አንድ እጇ ወደ አፏ የሄደ ይመስላል፤ ላይሆንም ይችላል። መኮንን የጠየቅሁትን አድርጎልኛል።

ሉባባ መስታወቱን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ከዚያ ተንፈስ አለች። "ከሳች" አለች። "እዪያት እትዬ፣ አፏን ሸፍናለች። አስወርዳት ብዬው ነበር እኮ።" መስታወቱን ሳመችው። በሻርፗ ጠርጋ ለነጃት ሰጠቻት። አያትሽ ናት፣ ሳሚያት። ነጃት ሳመቻት።

ምንም ማድረግ አልነበረብኝም። ዝም ማለት ብቻ፤ እሱን ደግሞ አውቅበታለሁ። ካሜራውን አጥፍቼ ካልሲው ውስጥ ብመልሰው ነገ ፎቶ ቤት ትወስደው ነበር፤ ያቺ የማትታወቅ ሴት ወርቅ ቅቡ ፍሬም ውስጥ ትገባ ነበር፤ ይቺ ልጅ እያደገች በየቀኑ ታያት ነበር። የልጅቱ ከንፈር መስታወቱ ላይ እርጥብ ምልክት ትቷል። እሱን አየሁት።

"ሉቤ፣ እሷ አይደለችም።"

"ማን?"

"እናትሽ አይደለችም። እናትሽ ሞታለች። ነጃት ሳትወለድ።"

ጎህ አልነበረም። ሰው አልነበረም። የሚይዛት፣ ደረቷን የሚደግፍላት አልነበረም። በጠራራ ፀሐይ፣ እኔ ብቻዬን። አልጮኸችም። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮኽ እይዛት ነበር።

ካሜራውን ከነጃት እጅ ወሰደች። እኔ ያስተማርኳትን ቁልፍ ተጫነች። ሁለተኛው ፎቶ መጣ። የተከመሩ ጎማዎች ፊት አራት አሮጊቶች ተደርድረው ቆመዋል፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ ይታያል። አረንጓዴ ሻርፕ፣ ቀይ ዳማ ሻርፕ፣ ቢጫ ሻርፕ፣ ሰማያዊ ሻርፕ። አንዷን አቀረበቻት፣ አለፈቻት፤ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ከአራቱ መሃል አንዷን እየፈለገች መሆኗ ገባኝ።

ነገርኳት። የሰይድን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ የዘለልኩትን፣ የቀየርኩትን፣ ሰደቃውን። ለመኮንን ያልኩትንም ነገርኳት። አንድ በአንድ። ሳላቋርጥ። መጨረሻ ላይ አረንጓዴዋ ላይ ቆማ ነበር።

"ይሄንን ለእማ ስመርጥ አብረሽኝ ነበርሽ" አለች።

"አዎ።"

"ሐዘኔን እንድትሸከሚልኝ አልጠየቅሁሽም።" ከዚያ ልጇን ከጉልበቴ ላይ አነሣች። "ውጪልኝ፣ እትዬ።"

እትዬ አለችኝ። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ከልማድ ነው።

እሑድ፣ ሐምሌ 7

የሥላሴ ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም።

ሐጃ መርየም እንደ ቃሏ ከሱብሂ በኋላ ዘጠኝ ሴቶችና ሦስት ወንዶች ይዛ መጣች። ሉባባ በሩን ከፍታ ጠበቀቻቸው። ለቅሶው ያኔ ተነሣ። ትናንት ያልወጣላት ድምፅ ወጣላት። እኔ አልተጠራሁም፤ ደጃፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እናቷን እየጠራች ታለቅስ ነበር፤ በመሃል ስሜን ሰማሁት፤ ምን ብላ እንደጠራችው በለቅሶው መሃል አልለየሁትም።

ሐጃ ስትወጣ ፊቴ ቆመች።

"ትናንት ነገርሻት አሉ። በቀትር። ብቻሽን።"

"አዎ።"

"እንዲህ አይነገርም።" ሻርፗን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ተነገረ እንግዲህ" አለችና ሄደች።

ሶማሌዋ ጎረቤታችን ምንም ሳትጠይቅ ለለቅሶተኞቹ ውኃ ስታመላልስ ዋለች። እኔ ለአራት እርምጃ መንገድ አቅም አጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9

ትናንት አልጻፍኩም። የምጽፈው አልነበረም። በሯ ተዘግቷል። ነጃት አንድ ጊዜ ወጥታ አየችኝ፣ ተጠርታ ገባች።

ፍሬሙን ያወረደች ይመስለኛል። የምስማር ድምፅ ሰምቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

መኮንን ገባ። መጀመሪያ ለቅሶ ደረሰ፤ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ እኔ ጋ መጣ። አልተቀመጠም።

ያቺ ሴትዮ ማን ናት አልኩት። ቆሎ ሻጭ ናት፣ ስሟንም አልጠየቅሁም አለኝ። ያልሽኝን አደረግሁ፤ ከዚያ በፊት ሰይድ አራቱን ሴቶች ሲያሰልፍ ያነሣኋቸውን ግን አላጠፋሁም። አንዱን ላጥፋ ብዬ ሁለት ጊዜ ቁልፉ ላይ ጣቴን አድርጌ ነበር አለ። "ከአዋሽ እስከ ናዝሬት ራሴን ስሳደብ ነው የሄድኩት። ባሰፋ አጥንት፣ እትዬ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ጭነት እንዳታሲዢኝ።"

አላሲዝህም አልኩት።

ከሉባባም መልእክት ይዟል። የሰይድን ደብዳቤዎች ሁሉ ለሐጃ ምራት ሰጥታ ከመጀመሪያው ጀምሮ እያስነበበች ነው። የሚጎድላት አንድ ነው፤ ለእኔ የተጻፈው የመጀመሪያው። እሱን ትላክልኝ ብላለች። ሌላ ያለችው እንዳለ ጠየቅሁት። መኮንን ኮፍያውን አዟዟረ። የካሜራው ተራ የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ አለ።

ተራው የእኔ ነበር። ከእሷ ጋ ይሁን አልኩት።

ደብዳቤውን ከሣጥኔ ሥር አወጣሁት። ታጥፎ ታጥፎ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ብቻውን ልልከው ነበር። ከዚያ ይህን ደብተር አየሁት። ደብዳቤው የሰይድን ቃል ይነግራታል፤ እኔ ምን ሳደርግ እንደነበር የሚነግራት ግን ይህ ነው፤ ሁለተኛው ጨውም ሳይቀር።

ስለዚህ ደብዳቤውን በሰኔ 30 ገጽ መሃል አስገብቼዋለሁ። መኮንን በር ላይ እየጠበቀኝ ነው፤ ይህን መስመር ስጨርስ ደብተሩን ይወስደዋል። የሚደርሰው ለሉባባ ነው። እኔ አላነብላትም። የሐጃ ምራት ታንብብላት፣ ወይም ሉባባ የምታምነው ሌላ ሰው ያንብብላት፤ አንድም መስመር ሳይዘል።